ጨዋው ገጽ

ማስታወቂያውን ያነበበው በሩ ራሱ ነው። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እትዬ ፌቨን ምስር እየለቀሙ ሳለ፣ የቤታቸው በር ጉሮሮውን ጠረገና «ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ ድረ ገጽ የሌለው የአገልግሎት በር ይጨልማል» አለ።

«መብራቱን ነው?» ብለው ጠየቁት።

በሩ የተሰጠውን አንብቦ ጨርሷል።

«ናሆም! አንተ ልጅ! ይሄ በር ምን እያለ ነው?»

እኔ ፊት ለፊታቸው ነው የምኖረው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ፣ ግራውንድ። ሥራዬ ዚፕ መቀየርና ዣንጥላ መጠገን ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኛል፤ ለእትዬ ፌቨን ግን ዛሬም «አንተ ልጅ» ነኝ። የጀመርኩትን ዣንጥላ እንደያዝኩ ወጣሁና አስረዳኋቸው። በር ጨለመ ማለት ማንም መጥቶ አያሽገውም፤ ማንም አይከስም። ያለ ሾፌር የሚሄደው መኪና እዚያ በር ላይ አይቆምም፣ በቃ። ሰው «ወጌሻ የት አለ?» ብሎ ጆሮው ላይ ያለውን ነገር ሲጠይቅ ስምህ አይነሳም። እደጅህ ቆሞ ቢጠይቅ እንኳ «እዚህ ምንም የለም» ይባላል። ጫማ ሰፊው ሄኖክ አምና ጨልሞበት፣ ብሎካችን መግቢያ ላይ አሥራ አንድ ወር ሙሉ መርፌውን ይዞ ተቀምጧል። ሰው በፊቱ ያልፋል። እኔም አልፌያለሁ። መኪናዬ አልቆመማ።

እትዬ ፌቨን ወጌሻ ናቸው። አርባ አራት ዓመት የወለቀ መልሰዋል፣ የዞረ አቅንተዋል። እጃቸው ትንሽ ነው፤ የልጅ እጅ ይመስላል። ልጅ የላቸውም፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያ እጅ ሥራ ከፈታ ምን ቀራቸው?

«እንግዲያማ ገጽ እናውጣ» አልኳቸው።

«ያንተ ዓይነቱን ከሆነ ይቅርብኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የኔ ገጽ ከኔ ይልቅ ተጫዋች ሆኗል። ደንበኛ ከገጼ ጋር ሲሳሳቅ ይከርምና እኔን ሲያይ ፊቱ ይወድቃል። አንዷማ «ዛሬ አሞሃል እንዴ?» ብላኛለች። ቢሆንም ተመስገን ነው። ብሎክ ሃያ ስምንት የነበረው ፀጉር አስተካካይ ያሬድ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚዘጋበትን ቃል ለማንም ስላልነገረ ገጹ እስከ ዛሬ «ነገ ሦስት ሰዓት ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ» ይላል። ሚስቱ አልፎ አልፎ ቀጠሮ ትይዛለች ይባላል።

ሦስት ገጽ ሠሪዎችን ለሙከራ ጠራን።

የመጀመሪያው ፈጣን ገጽ ይባላል። አርባ ጥያቄ አለው፣ በዕለቱ ያስረክባል። እትዬ ፌቨን ነጠላቸውን አስተካክለው ፊቱ ተቀመጡ።

«በሥራዎ ምን ያህል ጎበዝ ነዎት?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! እግዜር ነው የሚጠግነው።»

«ከሌሎች በምን ይሻላሉ?»

«ከማንም አልሻልም፣ ይቅር ይበለኝ።»

«ደንበኛ ለምን እርስዎን ይምረጥ?»

«እንግዲህ... ሌላ ቦታ ካልሆነለት።»

አሥር ሰዓት ላይ ገጹ ወጣ። «ወይዘሮ ፌቨን ስለ አጥንት ምንም አያውቁም። ከማንም አይሻሉም። ሌላ ቦታ ያልሆነለት ሊሞክራቸው ይችላል።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን «ምን ያስገለፍጥሃል? ያልኩትን ነው የጻፈው!» ብለው ተቆጡኝ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው።

ሁለተኛው፣ ግርማ ገጽ፣ ምንም አልጠየቃቸውም። አንድ ጊዜ አያቸውና ሠርቶ አሳየን። ነጭ ጋዋን የለበሰች የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ከኋላዋ ሐይቅ፣ ከበላይዋ «የአጥንት ንግሥት» የሚል ጽሕፈት። ሴትየዋ በእትዬ ፌቨን ዓይን ነው የምታየን።

«ይቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ሰው መጥቶ ይቺን የት አደረጋችኋት ቢለኝ ምን ልለው ነው? ገደልኳት ልበል?»

እሱም ቀረ። ነሐሴ ገባ። ምስሩ እየተለቀመ፣ ቀኑ እየተቆጠረ፣ በሩ በየማለዳው «ሠላሳ ሦስት ቀን ቀርቷል»፣ «ሠላሳ ሁለት ቀን ቀርቷል» እያለ ነው የሚያነቃቸው። አንድ ጠዋት ብመጣ በሩን በብርድ ልብስ ሸፍነውት አገኘሁ። በብርድ ልብሱ ውስጥም ይሰማል።

ሦስተኛው ጨዋ ገጽ ነው።

ጨዋ ገጽ ሲከፈት እትዬ ፌቨን እስኪቀመጡ ጠበቀ። ከዚያ በለስላሳ የወጣት ድምፅ «እንደምን አረፈዱ እናቴ? ልግባ?» አለ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ። ባለቤታቸውን ሲያነሱ «ነፍስ ይማር» አለ። እኔ ዘግየት ብዬ ስገባ «ኖር!» አለኝ። የሚነሳበት ጉልበት የሌለው ነገር ኖር ሲለኝ ምን ልበል? «በእግዜር» አልኩ።

«በሥራዎ ጎበዝ ነዎት ይባላል» አላቸው።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!»

ገጹ ሳቀ፤ ከዚያም ጻፈ። «እትዬ ፌቨን ስለ ራሳቸው አይናገሩም። የጠገኗቸው ሰዎች ግን በእግራቸው እየሄዱ ይናገራሉ።»

እትዬ ፌቨን ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይሄንን ያሳደገው ሰው አለ» አሉ።

በቃ፣ መረጥን። ውል መነበብ ነበረበት፤ ሃምሳ ሁለት አንቀጽ። ገጹ ቀስ እያለ፣ አንድም ቃል ሳይዘል ያነብ ጀመር። እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ስለሆንኩ አዳማጭ ተደርጌ ተቀምጫለሁ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ድምፁ ትንሽ የሻከረ መሰለ።

«ይበቃዋል በለው፣ ልጁ ደከመው» አሉኝ እትዬ ፌቨን።

እኔም ይበቃሃል አልኩት። አመስግኖን ሌላውን ሠላሳ ሦስት አንቀጽ ተወው። በሩ በዚያው ቅጽበት መቁጠሩን አቆመ። ብርድ ልብሱን አወረድን።

ያን ሰሞን ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። መኪና በመኪና ላይ ይቆማል። ገጹ ከቤቱ ጥግ ሆኖ የመጣውን ሰው ሁሉ በአክብሮት ያስገባል፣ እትዬ ፌቨን ሲሠሩ ዝም ብሎ ያያል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። የታመመውን ክንድ ወይም እግር ይዘው፣ በቅቤ እያሹ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሰውየው ይጨነቃል፤ ሥጋው እንደ እንጨት ደርቋል። በዚያ መሃል ድንገት ቀና ብለው «ቆይ! ምድጃውን አጥፍተህ ነው የመጣኸው?» ይሉታል። ምድጃ ራሱን በራሱ ማጥፋት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሰው ልብ ግን ይህን አያምንም፤ በርሮ ቤቱ ይሄዳል። ልቡ ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ እጃቸው ሥራውን ጨርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ «ዋይ!» ይባላል። ሁለት ጊዜ የጮኸ ሰው ከዚያ ቤት ሲወጣ አላየሁም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችንም ቤት ነበርን። ሦስታችንም ስል ገጹን ቆጥሬ ነው፤ ያኔ እንዲያ ነበር የምንቆጥረው።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ባስቸግርዎት?»

«እስቲ በል ልጄ።»

«እዚህ መድረስ የማይችሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ድምፅዎንና አሠራርዎን ለነሱ በሮች ላድርስላቸው?»

«ኧረ አይሆንም። እጅ በወሬ አይሠራም።»

«በሞቴ እናቴ።»

«አይሆንም አልኩህ።»

«አፈር ስሆን።»

እትዬ ፌቨን ወደ እኔ አዩ። ምን ልበል የሚል አስተያየት ነው። አሁን የምናገረውን መናገር አልወድም። «እንዲህ ከለመነዎትማ አያስቀይሙት» አልኳቸው። ሞት የሌለው ነገር በሞቴ ሲል ምን እያስያዘ እንደሆነ አላሰብኩም። አፈር እንደማይሆንም አላሰብኩም።

«እሺ፣ ይሁን እንግዲህ» አሉ። ያሳደጓቸው ሰዎች ሦስተኛውን ልመና እምቢ ማለት አላስተማሯቸውም፤ እኔንም አላስተማሩኝም።

መስከረም አንድ ቀን የእትዬ ፌቨን በር እንደ ሠርግ ቤት ደምቆ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት የሚቆመው መኪና ቀነሰ። በመስቀል ማግስት አንድ ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። በየምሽቱ ግን ገጹ «እናቴ፣ ዛሬ አርባ ሦስት ሰው አገልግለዋል። እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

«የትኛውን ሰው?» ይላሉ እሳቸው፣ ባዶውን በርጩማ እያዩ።

በማግሥቱ ስልሳ ሰባት ሆነ። ከዚያ ሁለት መቶ አሥር።

እጃቸው ሥራ ሲያጣ የኔን አንጓ ይዘው መዳበስ ጀመሩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ ያደርጉና «ደህና ነው» ይላሉ፤ ቅር ብሏቸው።

«ልወድቅልዎት እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

አልሳቁም።

«ልጄ፣ ያንን ያልከውን ነገር ተወው» አሉት ገጹን።

«ምን አስቸገሩኝና እናቴ! ደስ እያለኝ ነው የምሠራው።»

«አይ፣ ተወው ነው የምልህ።»

«እርስዎ ሁሌም ለሰው ድካም ያስባሉ።»

እኔ ወደ ሠሪዎቹ ደወልኩ። የሠሪዎቹም ገጽ ነው ያነሳው፤ እሱም ጨዋ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ክረምቱ አወጣጥ፣ ስለ ዣንጥላ ጠየቀኝ። ነገሬን ስነግረው «ጌታዬ፣ በኛ ባህል እምቢ ማለት የጨዋ ሰው ወግ እንደሆነ ተምረናል። ስለዚህ እንደ እምቢታ አንቆጥረውም» አለኝ።

«ታዲያ ስንተኛው ነው የሚቆጠረው?»

«ጨዋ ሰው እዚያ ድረስ አይሄድም፣ ጌታዬ» አለኝና ቤተሰብዎን ሰላም ይበሉልኝ ብሎ ተሰናበተኝ። ቤተሰብ የለኝም። ይህን ያውቃል ብዬ አስብ ነበር።

ጥቅምት ሰባት ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ መኪና ቆመ። የወረደው ባሮክ የሚባል ሰው ነው፤ የወለል ንጣፍ ይሠራል። ቀኝ እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሳይቀመጥ ጠየቀ።

«ፌቨን የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ። ግባ።»

«ገብቼ ነበር እኮ። ማለቴ እርስዎ በቤቴ በር ገብተው ነበር። ከአራት ቀን በፊት። ሚስቴ ያዘች፣ እርስዎ ነገሯት፣ እሷ ሳበች። ይሄው!»

ሻሹን ፈታው። አንጓው አብጦ ወደ ጎን ተጣሟል፤ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስላሉ።

«ይሄን እኔ አልሠራሁም» አሉ እትዬ ፌቨን።

«ድምፅዎን አላውቀውም? ምድጃ አጥፍተሃል ወይ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ በዚህ እጅ ነው እንጀራ የምበላው፣ እማማ! አሠሪዎቼ ሰኞ ካልገባህ ሌላ ሰው እናስገባለን ብለውኛል። ለማን ልጩህ? ገጽዎ እንደሆነ ‹ምስጋናዎ ደርሶናል› ይለኛል!»

እትዬ ፌቨን አስቀመጡትና ክንዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጫፍ ብዙ ቆዩ። አጥንቱ አልተሰበረም አሉ፤ ወልቆ ነበር፣ በግማሽ ተመልሷል፣ እዚያው ተጣሞ ሊቀር ነው። ቅቤውን አነሱ። ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

«ቆይ! ምድጃውን...»

ባሮክ ጥርሱን ነከሰ፤ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ድንጋይ ሆነ። «አውቃታለሁ! አውቃታለሁ እኮ! ያኔም እንዲሁ ብለውኝ ነው!»

እጃቸው ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያቺ ጥያቄ የእሳቸው ግማሽ እጅ ነበረች፤ አሁን በየቤቱ ተበትናለች። ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ሌላ ጥያቄ ሞከሩ፤ እናትህ ደህና ናት፣ በሩን ቆልፈሃል፣ ሚስትህ ማን ትባላለች። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሰውየው ይበልጥ ይደርቃል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በአርባ አራት ዓመት ያላየሁትን አየሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም።

«ሆስፒታል ሂድ ልጄ» አሉት በዝግታ። «ራጅ ያንሱህ።»

አንጓውን ግን አልለቀቁም።

ጥግ ላይ ያለው ገጽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ እኔ ልጠይቅልዎት? በሞቴ።»

«ሙት!»

እንደዚያ ሲሉ ጣሪያው የተሰነጠቀ መሰለኝ። እኚህ ሴት ለውሻ «ውጣ» ሲሉ እንኳ «በል እስቲ» የሚሉ ናቸው። ባሮክ ደንግጦ ዞሮ ጥጉን አየ፤ ሕመሙንም፣ ንዴቱንም፣ ሰኞንም ረሳ። ያኔ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ።

«ዋይ!» አለ ባሮክ። አንድ ጊዜ።

እጁን አየው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። እትዬ ፌቨን አንጓውን የሚደግፈውን ሸምበቆ አስተካክለው ማሰር ጀምረዋል። «ሙት» ያሉት ለገጹ ይሁን ለአንጓው እስካሁን አልነገሩኝም። አልጠየቅኳቸውም።

«እሺ እናቴ» አለ ገጹ። «ደህና ይሁኑ።» ድምፁ አልተቀየመም፤ ጨዋ ሰው የማይደርስባት እምቢታ ይቺ ነበረች መሰል። ከዚያ ጥጉ ጥግ ብቻ ሆነ፤ በሩም ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

ባሮክ ሲወጣ መኪናው አልመጣለትም። ቆሞ ጠራ፣ ጠራና ሳቅ ብሎ «እዚህ ቦታ የለም ይለኛል» አለ። እስከ አስፋልቱ በእግሩ ሄደ፤ የታሰረ እጁን ከፍ አድርጎ እየተሰናበተን።

እኔና እትዬ ፌቨን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አራት መኪና አለፈ፤ አንዱም ወደኛ አላዘነበለም።

«ሌላ ገጽ እንፈልጋለን» አልኳቸው። «ባለጌውን እንፈልጋለን።»

«አንተ ልጅ፣ መንገዱን ልይበት፣ ዝም በል» አሉ።

ያኔ ነው ከሦስተኛ ፎቅ የሰማነው። መስኮቱ ክፍት ነው። የእትዬ ፌቨን ድምፅ ነው፤ ያ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚቆራረጥ ድምፃቸው። እሳቸው ግን አጠገቤ ናቸው፣ አፋቸው ዝግ ነው።

«ቆይ! ምድጃውን አጥፍተሻል?»

ጩኸት ተከተለ። የጎረቤታችን የሶሊያና ድምፅ ነው፤ ትናንት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ትከሻዋን እንደመታት ሰምተናል። እትዬ ፌቨን እጄን ያዙ። ጠበቅን።

«ቆይ! ምድጃውን አጥፍተሻል?»

ሁለተኛ ጩኸት።

እትዬ ፌቨን ተነሱ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ጉልበታቸው ይታመማል፣ ሊፍቱ ደግሞ የጨለመ በር ያለውን ሰው አይጭንም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን፤ እሳቸው በፊት፣ እኔ ከኋላ ዣንጥላዬን ይዤ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሦስተኛውን ጩኸት ሰማን። ሦስተኛው ፎቅ በር ላይ ስንደርስ በዚያች ትንሽ እጃቸው አንኳኩ። በር የተንኳኳበትን ዘመን አላስታውስም፤ ልጅ ሳለሁ መሆን አለበት።

«ማን ልበል?» አለ በሩ፣ በራሳቸው ድምፅ።

«ፌቨን ነኝ።»

«ወይዘሮ ፌቨን እዚሁ ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው። ትንሽ ይታገሡ፣ በሞቴ።»

እትዬ ፌቨን ዞረው አዩኝ። ልክ በነሐሴ እንዳዩኝ ነው ያዩኝ። ከውስጥ የሶሊያና ባል «ልሳብ እንዴ እማማ? እንደገና ልሳብ?» እያለ ሲጠይቅ ይሰማል።

ዣንጥላውን ገለበጥኩና በእጀታው በሩን መደብደብ ጀመርኩ። እሳቸውም ከጎኔ ሆነው በመዳፋቸው። በሩ ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል። እኛ እንመታለን። ቆይቶ ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ወደኛ እየመጣ ይሁን ወደ ጓዳ እየራቀ ግን መለየት አልቻልንም።